የሙዓዊያ አበባ

ጉለሌ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሙዓዊያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው፣ ዝዋይ እንዴት ነው፣ የአበባ እርሻው ሥራ እንዴት ነው፤ ይሄን ሁሉ ጠይቄሃለሁ ብለህ ቁጠረው። መልሱን ዛሬ አልፈልገውም።

ያልደወልኩልህ እማ ካንተ ጋር የሚወራውን ሁሉ ላውድ ላይ ሆኖ ካልሰማሁ ስለምትል ነው። አሁን የምጽፍልህን ደግሞ እሷ እንድትሰማው አልፈልግም። ደብዳቤውን ዓሣ የሚያመላልሰው አጥናፉ ያደርስልሃል። እሱም እንዳይከፍተው በፕላስተር አሽጌዋለሁ።

ትናንት ጓደኛዬ ሀያም የእማን ግፊት ልትለካላት መጣች። ፋርማሲ እንደምትሠራ ታውቃለህ። ለክታ ስትጨርስ እማ እንደ ልማዷ እጇን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻት፣ ከእንሰቶቹ ጀርባ ያለውን ልታሳያት። «ልጄ ከሚሠራበት እርሻ የላከልኝ የፈረንጅ አበባ ነው» አለቻት። ሀያም ቅጠሉን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። እማ ቆስጣ ልትቀጥፍላት ዞር ስትል «አንቺ፣ ይሄ እኮ ሀሺሽ ነው። አብዳችኋል?» አለችኝ ጆሮዬ ሥር። ሳቅኩባት። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። እንደ ጣት የተዘረጋው ቅጠል፣ ዳር ዳሩ መጋዝ የመሰለው፣ አንድ ዓይነት ነው። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ሚያዝያ ላይ ዘሩን በብጣሽ ጨርቅ ቋጥረህ ስትልክ ከአጥናፉ እጅ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። «ለእማ፣ አበባ ነው፣ ከእንሰቱ ጀርባ ብትተክለው ንፋስ አይመታውም» የምትለዋን ወረቀት ያነበብኩላትም እኔ ነኝ። የዘይት ጀሪካን ቆርጣ፣ አፈሩን በወንፊት ነፍታ፣ የእንጦጦ ብርድ እንዳይነካው ማታ ማታ ላስቲክ እያለበሰች፣ ጠዋት ጠዋት እየገለጠች አሳደገችው። በሠላሳ ሁለት ዓመትህ ለእናትህ የላክህላት የመጀመሪያ ስጦታ ነው። ስሙን ስላላወቀችው «የሙዓዊያ አበባ» ብላዋለች፤ ሰፈሩም እንደዚያው ይጠራዋል።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ታውቅ ነበር? አላውቅም ካልክ አምንሃለሁ፤ ወላሂ ማመን እፈልጋለሁ።

እህትህ ሙኒያ


ዝዋይ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ሙኒያ፣

ወዓለይኩም ሰላም ወራሕመቱላህ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ፤ ሳነበው ደግሞ አዘንኩ። አላህ ለእማም ላንቺም ጤናውን ያብዛላችሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል እንጂ። ግሪንሃውሱ ውስጥ ሙቀት፣ ውጭ ንፋስ፣ በቃ ሰውነት አልቻለውም።

የጠየቅሽኝ ነገር እንዳሰብሽው አይደለም። ማለቴ፣ ሀያም ያለችው ነው፣ ግን እንደዚያ አይደለም። ውጭ አገር እኮ በፋርማሲ ይሸጣል፤ ራሷን ጠይቂያት። ተክል ነው፤ አላህ ያበቀለው ተክል። እማ ጓሮ ደግሞ ማንም አያየውም። ከእንሰቱ ጀርባ ያልኩትም ለዚህ ነው።

አንድ ሰው አለ፣ ስሙ አያስፈልግሽም። መስከረም መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጥቶ ይወስደዋል፣ አለቀ። እማ ምንም ሳታውቅ ያልቃል። እኔም ከዚህ መድኃኒት ከሚረጭበት እርሻ እገላገላለሁ። ሰባት ዓመት ረጨሁ ሙኒያ፣ ደረቴ እንዴት እንደሆነ አታውቂም።

እስቲ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከመሃላቸው ወንድ የሆኑት ይኖራሉ፤ ነሐሴ ላይ አንጓቸው ላይ ትንንሽ ፍሬ የመሰለ ነገር ያወጣሉ። እነሱን ንቀያቸው፤ ሴቶቹን ያበላሹብናል። ለእማ ታመዋል በያት። እማ ያንቺን ቃል ትሰማለች።

ወንድምሽ ሙዓዊያ


ጉለሌ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙዓዊያ፣

ጉንፋንህን አላህ ያሽርልህ። ደብዳቤህን ያነበብኩት አዲሱ ገበያ ሱቄ ውስጥ፣ ከክርና ከዚፕ ካርቶን ኋላ ተቀምጬ ነው። ሁለት ደንበኛ «የለም» ብዬ መለስኩ፣ ዕቃው ፊቴ ተደርድሮ።

አስጠላኸኝ። ይሄን ቃል ላንተ ብዬው አላውቅም፤ የአባባ ቀብር ካለቀ በኋላ ስትመጣ እንኳ አላልኩህም። ሀሺሽ መትከልህ ብቻ ቢሆን ሰድቤህ ይወጣልኝ ነበር። ያስጠላኝ በእሷ እጅ ማድረግህ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን እያመማት ተንበርክካ ትኮተኩታለች፣ እየኮተኮተችም ዱዓ የምታደርገው ላንተ ነው። አንተ ደግሞ ስለ ወንድና ሴት ተክል ታስተምረኛለህ። «ያበላሹብናል» ትለኛለህ፤ እኔንም ከሠራተኞችህ ቆጥረኸኛል።

ማንም አያየውም ላልከው፣ አንተ እዚህ ግቢ አላደግክም እንዴ? እማ የበቀለ ነገር ነቅላ ጥላ ታውቃለች? ችግኝ ሲጠጋጋባት መሃል መሃሉን ታነሳና በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ለጎረቤት ትሰጣለች። የሰፈሩ ጤና አዳም ሁሉ ከእኛ ግቢ የወጣ ነው። ያንተንም እንደዚያው አድርጋዋለች። እትዬ ብርነሽ አራት ወስደዋል፤ አጥራቸው ሥር ፍግ ስላለ ከእኛ ይበልጥ አድጓል። ጋሽ ጀቤሳ በር ላይ ግራና ቀኝ ተክለውታል፣ እንደ ጽድ። የለሊሳ እናት ሁለት አላት። ዕድሩ ድንኳን የሚያስቀምጥበት ግቢ ውስጥ እንኳ እማ ለቀስተኛ ዓይኑን ያሳርፍበት ብላ ሦስት ተክላለች። ሰኞ ከታክሲ ወርጄ ቤት እስክገባ እየቆጠርኩ ነው የሄድኩት። አሥራ አንድ፣ ሁሉም ያንተን ስም ይዞ።

ና። ራስህ ና፣ አጠገቧ ተቀምጠህ ንገራት። ካንተ አፍ ከሰማችው ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ራሷ ትነቅለዋለች። ከፖሊስ አፍ ከሰማችው ግን የምትወሰደው እሷ ናት። ቤቱ በስሟ ነው፣ የተከለችው በእጇ ነው፣ ለሰፈሩ ያደለችውም እሷ ናት። እናታችን ጣቢያ ስትገባ ትታየኛለች።

ሙኒያ


ዝዋይ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አሥራ አንድ! ዘሩ እኮ ሠላሳ ስድስት ነበር፣ አንድ በአንድ ቆጥሬ ነው የቋጠርኩት። ሰውዬውን ሠላሳ ብዬዋለሁ። እማ እንዴት ሳትጠይቀኝ ትሰጣለች? እባክሽ ሰብስቢው። እትዬ ብርነሽን በሽታ አለበት፣ ወደ ጎመን ይጋባል በያቸው፤ ለጎመናቸው ይፈራሉ። ነቅለሽ ግን እንዳትጥይው። ከነአፈሩ ወደ እኛ ጓሮ መልሺው።

ስለ እማ የጻፍሽው ገብቶኛል። ጨካኝ አድርገሽ አትይኝ፣ እኔም እንቅልፍ የለኝም። ለመውሊድ እመጣለሁ፤ ፈቃድ ጠይቄአለሁ። መጥቼ ራሴ እነግራታለሁ፣ ቃሌ ነው። እስከዚያ ምንም እንዳትያት። እንደምመጣ ብቻ ንገሪያትና ደስ ይበላት።

ሙዓዊያ


ጉለሌ፣ መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሙዓዊያ፣

መውሊድ ነሐሴ 30 ነበር። ዝዋይም የቀን መቁጠሪያ ይኖራል ብዬ አስባለሁ።

እማ ሁለት ቀን ሙሉ ያንተን ፍራሽ ፀሐይ ልታስመታ ስታወጣ ዝናብ፣ ስታስገባ ፀሐይ፣ እንዲሁ ስትለፋ ሰነበተች። በዓሉ ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጥሩንባ ሰማችና ሮጣ በር ከፈተች። አጥናፉ ነበር፣ ስድስት ዓሣ በፌስታል ይዞ። «ሥራ በዝቶበት ነው» አላት፣ ያስጠናኸውን። እማ ዓሣውን ተቀብላ «እኔን አስቦ» አለች። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አስመለሰኝ። ከዓሣው ይሁን ካንተ አላውቅም። ለእኔ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍክልኝም።

አሁን ማበብ ጀምሯል። ሽታው ወንድ ድመት የሸናበት ምንጣፍ ላይ ሎሚ የጨመቁበት ይመስላል። ልብሴ ላይ ተጣብቆ ሱቅ ድረስ ይከተለኛል። ዊንጌት ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ አሽትቶኝ ፈገግ አለልኝ፣ እንደ ጓደኛው። በጥፊ ላጮለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሐሙስ እማ ለቅሶ ስትወጣ አንዱን ነቀልኩት። ሁለተኛውን እንደያዝኩ ጃንጥላ ረስታ ተመለሰች። አልተቆጣችም። የነቀልኩትን አንስታ ሥሩን አርሳ መልሳ ተከለችው፣ እንጨት ደግፋ በጨርቅ አሰረችው። ከዚያ «ወንድምሽ ላንቺ ስላልላከልሽ ቅር ብሎሽ ነው?» አለችኝ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው ሙዓዊያ። «አዎ» አልኳት። አገላብጣ ሳመችኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ከወረዳ የምትመጣው የከተማ ግብርና ባለሙያ፣ ርሆቦት የምትባለው ልጅ፣ የእማን ጓሮ የሰፈሩ ሞዴል ጓሮ ብላ መርጣዋለች። መስከረም 22 ቀን ሰዎች ይዛ ልታስጎበኝ ነው። ርሆቦት የተማረችው ስለ ዶሮ ነው፣ አበባህን አላወቀችውም፤ አጠገቡ ቆማ ፎቶ ተነስታለች። ከሚመጡት መሃል ግን የሚያውቀው አይጠፋም። እማ ለዚያ ቀን ብላ አዲስ ሂጃብ አሰፍታለች።

እስከ 20 ካልመጣህ እኔ እነግራታለሁ። ከዚህ በኋላ አልለምንህም።

ሙኒያ


ዝዋይ፣ መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሙኒያዬ፣

ቸኩያለሁ፤ አጥናፉ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው። ሰውዬው በ25 ይመጣል። ከ22 እስከ 25 ሦስት ቀን ናት። እማ ታማለች በይና ጉብኝቱን አስተላልፊው። እምቢ ካሉም ጎመኑን ብቻ አይተው ይሂዱ፣ እንሰቱ ጋ እንዳታደርሻቸው። ከ25 በኋላ እንደፈለግሽ ስደቢኝ፣ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ። እንዳትነግሪያት ግን። ግፊቷ ተነስቶ አንድ ነገር ብትሆን ባንቺ ምክንያት ነው የሚሆነው።

ሙ.


ጉለሌ፣ መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሙዓዊያ፣

በአጥናፉ የላክኸው ጥያቄ ደርሶኛል። «ስሜ ተነሳ ወይ?» ነው ያልከው። «እማ እንዴት ናት?» ብለህም ይሆናል ብዬ አጥናፉን ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። አላለም አለኝ፤ አፍሮ መሬት መሬት እያየ።

ስምህ ተነስቷል። ፖሊሱ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል የቆመው ሰው ሁሉ «የሙዓዊያ አበባ» ነው ያለው። ጋሽ ጀቤሳ ደጃፋቸው ላይ ቆመው በኩራት ነው የተናገሩት፣ ምን እንደሆነ ገና ሳይገባቸው። «ሙዓዊያ ማነው?» ሲባል እማ ቀድማ «የሞተ ወንድሜ ነው፣ ለመታሰቢያው ብዬ ነው። ዘሩን ከገበያ ነው የገዛሁት» አለች። እናታችን በሕይወቷ ስትዋሽ ያየ የለም፤ ጎረቤቱ ደንግጦ ዝም አለ። ዝም ያለውም ለእሷ ብሎ ነው፣ ላንተ እንዳይመስልህ።

ይሄን የምነግርህ ከሰው ሰምቼ ነው። እኔ አልነበርኩም። በ20 እነግራታለሁ ብዬ ዝቼብህ አልነበር? በ20 አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ አፌን ከፈትኩ፣ ሽንኩርት አልቋል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። በ22 ጠዋት ደግሞ ሱቅ ሥራ አለኝ ብዬ ወጣሁ። እንግዶቹ ሲመጡ እማ ብቻዋን በአዲሱ ሂጃቧ ተቀብላ፣ ከጎመኑ በፊት ያንተን ነው ያሳየቻቸው፤ ከመሃላቸው አንዱ አውቆት ፖሊስ ጠራ። እኔ ያን ሰዓት ለአንድ ልብስ ሰፊ ቁልፍ እቆጥር ነበር። ራሴን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማየት ቀፍፎኛል፤ መስታወቱን በፎጣ ሸፍኜዋለሁ።

ሁለት ሌሊት ጣቢያ አደረች። የሁሉንም ጓሮ በአንድ ቀን ነቀሉት፤ ሲነቅሉ የጎመኑንም መደብ ረግጠውታል። ዋስ ሆነው ያስወጧት ጋሽ ጀቤሳ ናቸው፣ ከራሳቸው በር ላይ ሁለቱ ተነቅሎ ቃላቸውን በሰጡ ማግስት። እትዬ ብርነሽ ሰላም አይሉንም። ለመስቀል ያንተን አበባ ከአደይ አበባ ጋር አስረው፣ የንስሐ አባታቸው በተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ አድርገውት ነበር። ይሄን ባሰቡ ቁጥር ያንገሸግሻቸዋል፣ አልፈርድባቸውም።

ከዚህ በታች ያለው የእማ ነው። እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

«ልጄ ሙዓዊያ፣ እኔ ደህና ነኝ። ጣቢያ ያሉት ሴቶች ጥሩ ናቸው፣ ፍራሻቸውን ለቀውልኝ ነው ያደርኩት። አበባው ጥሩ እንዳልሆነ ነገሩኝ። አንተ አላወቅክም፣ አታለውህ ነው። እንዳትመጣ። ማክሰኞ ጥቅምት 4 ፍርድ ቤት ቀርቤ ከገበያ ገዛሁ እላለሁ፤ ለአሮጊት ያዝናሉ። እንዳትመጣ ብያለሁ፣ የእናት ትእዛዝ ነው። ደረትህን ተከናነብ።»

አሁን የእኔ። ና። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ስትናገር ድምፅዋ እንዴት እንደነበር ብትሰማ በእግርህም ቢሆን ትመጣ ነበር።

ሙኒያ


ዝዋይ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም እማዬ። የደረሰብሽን ሰምቼ አንጀቴ ተቃጠለ። ልቤ ልምጣ ልምጣ ይለኛል። ሙኒያም ና ትለኛለች። ግን የእናትን ቃል መጣስ ሐራም ነው። አንቺ አትምጣ ካልሽ እኔ ማን ነኝና እመጣለሁ? ትእዛዝሽን ተቀብያለሁ። እንዳልሽውም አታለውኝ ነው። ዱዓ አድርጊልኝ፣ እኔም አደርጋለሁ። ለጤናሽ ብዬ ዓሣ ልኬልሻለሁ፤ ዘይት ሳይበዛ ይጠበስልሽ።

ታዛዥ ልጅሽ ሙዓዊያ


ጉለሌ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሙዓዊያ፣

ደብዳቤህን አንድም ሳላጎድል አነበብኩላት፤ «ታዛዥ ልጅሽ» የሚለውንም። ሰምታ ስትጨርስ «እሰይ፣ ሰማኝ» አለች። ዓሣውን ለድመት ሰጠሁት፣ እሷም ዓሣው የታለ አላለችኝም።

ማክሰኞ ፍርድ ቤት አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዞር ትላለች። ጠበቃ ሲገባ፣ ፖሊስ ሲገባ፣ ፋይል የያዘች ልጅ ስትገባ፣ ሁሌም ዞር። አትምጣ ብላህ አልነበር? ያለችው እሷ ናት፣ በሩን የምታየውም እሷ ናት። ስሟ ሲጠራ ደግፌ አቆምኳት። ዳኛዋ «ዘሩን ከየት አመጡት?» ብለው ጠየቋት። እማ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ በሩ ዞር አለች። ከዚያ «ከገበያ ገዛሁ» አለች። ከየትኛው ገበያ ሲሏት ጠፋባት። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

ተነሳሁና ተናገርኩ። ስምህን፣ የምትሠራበትን፣ ዘሩን ማን እንዳመጣው፣ ከሐምሌ ጀምሬ አውቄ ዝም እንዳልኩም ጭምር። እኔም ቃል ሰጥቻለሁ፣ የእኔም ፋይል ተከፍቷል። የጻፍክልኝን ሁሉ አስረክቤአለሁ። ለእማ ቀጠሮ ተሰጥቷት ቤቷ ሆና እንድትጠብቅ ተፈቀደላት፤ አንተን ፖሊስ እንዲያቀርብህ ታዘዘ።

ደረጃው ላይ እጇን ከእጄ አወጣች። «ልጄን ሸጥሽው» አለችኝ። ሰው ይሰማል፣ ሁሉም ቆሞ ያያል። እስከ ታክሲው ጋሽ ጀቤሳን ይዛ ሄደች።

ካንተ የተረፈኝ ይሄ ነው። አራት ቀን ሆናት፣ አታናግረኝም። የሠራሁትን አትበላም፤ ለራሷ ቆስጣ ቀቅላ ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትበላለች፣ ባዶውን መደብ እያየች። መድኃኒቷን የምትውጠው ሀያም ስትሰጣት ነው። እኔ ስገባ ትወጣለች። ላንተ ያላትን ሁሉ ሰጥታ ለእኔ የቀራት ጀርባዋ ነው፤ አስጠልቶኛል፣ ቤቱም፣ አንተም፣ የተናገረው አፌም። ደግሜ ብጠየቅ ግን ደግሜ እናገራለሁ።

ትናንት መርማሪው ቤት ድረስ መጥቶ «ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን ዝዋይ እንወርዳለን፣ አንቺ አብረሽን ሄደሽ ታሳዪናለሽ» አለኝ። እማ ከጓዳ ሰማች። ሲወጣ መጥታ ፊቴ ቆመች። በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። ይቅር ልትለኝ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ንገሪው፣ እንዲሸሽ» አለችኝ።

ማክሰኞ ነው። ነገርኩህ።

ሙኒያ